ግራ እግር ላይ የቆመው ሰርቨር

ሰኞ፣ ግንቦት 4/1989 — ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም አላየውም። ካርዱ ቦታው ገብቷል፣ ብሎኑ ጠብቋል፣ ሰርቨሩ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ይላል። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። አላውቅም። አጠፋሁት፣ ሻይ ጠጣሁ፣ አበራሁት። አላውቅም። ሻዩ ጥሩ ነበር።

ደብተር፣ ነገሩን አንተ እንኳ በቅጡ እወቀው፤ ለሥራ አስኪያጁ ሳስረዳ ያዛጋሉ። ወርክሾፓችን ሰው ሠራሽ እግርና እጅ ይሠራል። የዘጠኝ ዓመት ደንበኛ ልክ በሙሉ ያለው እዚህ ሽማግሌ ሰርቨር ሆድ ውስጥ፣ አንድ ዲስክ ላይ ነው። ሌላ ቦታ የለም። ዲስኩ ከፋሲካ ወዲህ መጮህ ጀምሯል፤ እህል ያለቀበት ወፍጮ ዓይነት ጩኸት። ከመሞቱ በፊት ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ አለበት። አዲሱ ዲስክና ሽማግሌው በቀጥታ አይግባቡም፤ አስተርጓሚያቸው ይህ ካርድ ነው። አስተርጓሚው ደግሞ ዝም ብሏል።

የሰው ልክ ስል ቁመትና ውፍረት ብቻ አይምሰልህ። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ወር እየተራመደ፣ እየቆሰለ፣ እየተመለሰ፣ እየተሞረደለት የሚገኝ ነገር ነው። ከጠፋ እንደገና መቁሰል ነው።

ወ/ሮ ጽጌ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ልክ የምትወስደው እሷ ናት፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስገባችውም እሷ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሁለት ጣት። የዲስኩን ጩኸት አዳመጠችና ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5 — ከሰዓት

የለም። ካርዱን ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ሞከርኩት። ቀርበው ሲያዩት ቆንጆ ዕቃ ነው። ማሰሪያ ብረቱ ላይ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥሩ ተጽፏል፤ የንብረት ክፍሉ አቶ መኮንን የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ማተሚያ ቤት ያሳፍራል። ክፍሉ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። በዚህ ግቢ ምን የማይሸት አለ።

ትናንት ያልነገርኩህ፦ ልኮቹ መጀመሪያ የተጻፉባቸው የወረቀት ካርዶች። ነበሩ። ጽጌ ጽፋ ስትጨርስ፣ «ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ቦታ እንዳያጣብብ እንዲወገድ» የሚል ደብዳቤ የጻፍኩ እኔ ነኝ። ጥሩ ደብዳቤ ነበር። «ዘመናዊ አሠራር» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ነበረበት። ወረቀቱ በኪሎ ተሸጠ።

ከዚያ በአራተኛው ወር ላፍቶ ታክሲ መጠበቂያ ቆሎ ገዛሁ። ሴትየዋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቆሎውን ጨርሼ ወረቀቱን ስዘረጋ ግራ እግር ነው። ከጉልበት በታች፣ ደሴ፣ የጽጌ ፊርማ። አሁንም አለኝ፤ እዚሁ ካንተ ሽፋን ውስጥ ሰክቼዋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት ወረቀት የተረፈ እሱ ብቻ ነው። ጨው ጨው ይላል።

ለጽጌ አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6 — 11 ሰዓት ተኩል

ካርዱን ለሸጡልን ሰዎች ደወልኩ። ዮሐንስ የሚባል ቴክኒሻን አገኘሁ። ትዕግሥተኛ ልጅ ነው፤ አጥፍተው አብርተውታል ወይ አለኝ። አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ ሻይም ጠጥቻለሁ አልኩት። ሳቀ። እንግዲያው ሁለት ካርዶች አንድ አድራሻ ይዘው ይሆናል አለ።

ገባኝ። የቀበሌ ቤት ጠብ ነው። ሁለት ተከራይ በአንድ የቤት ቁጥር፤ ፖስተኛው ሲመጣ ሁለቱም አቤት ይላሉ፣ ወይ ሁለቱም ዝም። መፍትሔው የአዲሱን ቁጥር መቀየር ነው፤ ካርዱ ላይ ያለችውን ከምስር የምታንስ መሰኪያ ነቅሎ ጎኗ ባለው ቦታ መትከል። ነቀልኳት። ወደቀች። ጽጌና እኔ ግማሽ ሰዓት በእንብርክክ ፈለግናት። የጽ/ቤቱ ተላላኪ በሩን ከፍቶ አየንና ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው።

ጽጌ አገኘቻት። ተከልኩ። ሰካሁ። አበራሁ።

አየው!

መገልበጥ ጀመርን። ልኮቹ በሦስት ማህደር ነው የተቀመጡት፦ ቀኝ እግር፣ ግራ እግር፣ እጅ። ቀኝ እግር በሙሉ አለፈ። ጽጌ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የምታውቃቸው ስሞች ሲያልፉ የሰፈሯን ሰው እንዳየች ራሷን ትነቀንቃለች። ግራ እግር ገባ፣ ትንሽ ሄደ፣ ቆመ። ድርቅ። አጠፋን፣ አበራን። ካርዱን አላውቀውም አለ።

ጽጌ ተነሥታ ሻርፗን አስተካከለች። «በቃ ጋሽ ሰሎሞን፣ ግማሹ አገር በቀኝ እግሩ ብቻ ይሂዳ» አለችና ወጣች።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሐሙስን አልጻፍኩም። የሚጻፍ አልነበረም። አድራሻውን አራት ጊዜ ቀየርኩ። አንዴ ያየዋል፣ ሦስቴ አያየውም፤ ሲያየውም ሁለት ደቂቃ። ሥርዓት የለውም። ሥርዓት ያለው ብልሽት እወዳለሁ፤ ይጠናል። ይህ ግን የዘመድ ኩርፊያ ነው፣ ምክንያቱን የሚያውቀው ራሱ ብቻ።

ከሰዓት አቶ መኮንን ቆጠራ ይዘው መጡ። ሰኔ 30 ጡረታ ይወጣሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በንብረት ክፍል፣ አንድ ማስጠንቀቂያ የሌለበት ማህደር። ከመውጣታቸው በፊት ግቢውን ዕቃ በዕቃ እያዩ፣ ቁጥር በቁጥር እያረጋገጡ ነው። የእኔን ወንበር አስነሥተውኝ ከሥሩ አነበቡ። የቆሻሻ ቅርጫቱም ቁጥር አለው። የሰርቨሩን ክዳን ክፍት ሲያገኙ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አጎነበሱ፣ የካርዱን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አስተያዩና ምልክት አደረጉ።

ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁኝ። አልሠራ አለ አልኩ። ከልባቸው አዘኑ። ዕቃው ሲገባ እንዴት በጥንቃቄ እንዳስቀመጡት ነገሩኝ። «እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት፣ ሰሎሞን።» አውቃለሁ። እሳቸው ብሎንም እንደ እንቁላል ነው የሚይዙት።

ዲስኩ ዛሬ ጩኸቱን ጨምሯል። ኮሪደር ድረስ ይሰማል።

ሰኞ፣ ግንቦት 11 — 5 ሰዓት

ኦቦ ጉደታ መጥተዋል። የለቡ ገበሬ ናቸው፤ እኛ ዘንድ ያሉት ከጅምሩ ነው። ግራ እግር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሰንጥቆ በላስቲክ ጠፍረው አስረውታል። ሰኔ ሳይገባ አዲስ እግር ይፈልጋሉ፤ እርሻ አለ። ጽጌ ልካቸውን ከኮምፒዩተር ማውጣት አለባት። ኮምፒዩተሩ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ሆዱን ከፍቶ ተኝቷል። ስለዚህ ሁለቱም እኔ ጋ መጡ።

አስረዳኋቸው። አዳመጡኝ። ከዚያ፣ እኔማ ቅርብ ነኝ አሉ፤ ቢጠፋም ጉልበቴን ይዤ መጥቼ እንደገና እለካለሁ፤ እዚህ የማውቀው አንድ የወሎ ሰውዬ ግን አለ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፣ እሱን ምን ትሉታላችሁ? ካቻቢቴዬን አነሣሁ።

ለመሞከር ያህል አበራሁት። ካርዱን አላየውም፤ እንደበራ ተውኩት። ኦቦ ጉደታ ወንበራቸውን አስጠግተው ቁጭ አሉ፣ የቆሰለ በሬ እንደሚያይ ሰው። ትንሽ ቆይተው አፍንጫቸውን ወደ ክፍቱ ሆድ አቀረቡ። አንዴ ሳቡ። ደገሙ።

«ይሄ መኪናችሁ እግሬን ይሸታል።»

ጽጌ ልትቆጣ ነበር። እሳቸው እጃቸውን አወዛወዙ። ያሁኑን አይደለም አሉ፣ ይህማ እበት ይሸታል፤ አዲስ የሰጣችሁኝ ጊዜ ያለውን። ቤት ወስጄ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ሁለት ሳምንት ሸተተ፣ ሚስቴ አስወጣችው፣ ከጥጆቹ ጋር አደረ። ያው ሽታ ነው።

የእግር ማጠናቀቂያ ቫርኒሽ። ሳምንት ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ነበር። በዚህ ግቢ ምን የማይሸት አለ ብዬ የጻፍኩ እኔ ነኝ፣ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ተመልከት።

አጥፍቼ ካርዱን አወጣሁት። መስኮት ዳር ወስጄ አዘነበልኩት። ሰርቨሩ ውስጥ የሚገቡት ወርቃማ ጥርሶች ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ስስ፣ ጥርት ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ቅብ። የሠለጠነ እጅ የቀባው። አንድ ጠብታ እንኳ አልወረደም። ቫርኒሽ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ካርዱ በተሰካ ቁጥር ግን እዚህም እዚያም ይፋቃል፣ በተፋቀበት ትንሽ ይነካል፣ መልሶ ይለቃል። ኩርፊያው ይኸው ነው።

ኦቦ ጉደታ፣ አገኛችሁት ወይ አሉ። አገኘነው አልኳቸው። እንግዲያው ቡናውን ማን ነው የሚጋብዝ አሉ። እኔ።

ያው ሰኞ — 10 ሰዓት

ማን እንደቀባው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለምን እንደቀቡት ግን የደብዳቤ ፋይሌን አውጥቼ አነበብኩ። ጥር ላይ ነው። ኦዲተር መጥቶ የዕቃ ቁጥሮች ደብዝዘዋል ብሎ ነበር። ደብዳቤውን የማርቀቁ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ፤ መ/ቤቱ ውስጥ ጥሩ አማርኛ ይጽፋል እየተባልኩ ነው ያረጀሁት። ይኸው፦ «ማንኛውም ቋሚ ዕቃ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ጊዜ በማይሽረውና እጅ በማያደበዝዘው ሁኔታ ቁጥር ተሰጥቶት ይጠበቅ።» ያን ቀን ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ ለራሴ አንብቤዋለሁ። ደስ ብሎኝ።

ቫርኒሹን የሚያለቅቀው አኳራጅ ነው። አኳራጅ ያለው ንብረት ክፍል ነው። ከንብረት ክፍል ዕቃ የሚወጣው በመጠየቂያ ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ «ለምን አገልግሎት» የሚል ዓምድ አለ፤ ባዶ ከሆነ አቶ መኮንን አይፈርሙም። ለሠላሳ አንድ ዓመት ባዶ ላይ ፈርመው አያውቁም።

ብዕሬን ይዤ ቁጭ አልኩ። በመጨረሻ «ለጽዳት» ብዬ ላክሁ።

ጠርሙሱን ይዘው ራሳቸው መጡ። ግማሽ ሊትር አኳራጅ ለምን ዓይነት ጽዳት እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ነው። ካርዱ መስኮቱ ዳር ነበር፣ ጎኑ ጥጥ። አዩት። እኔን አዩኝ። ወንበር ሳቡ።

ቁጥሩን ሲጽፉ ከሥር ወርቅ የመሰለ ነገር አይተዋል። እንዲህ ያለ ነገር በእጅ ብዛት ይደበዝዛል ብለው ከእግር ክፍል ቫርኒሽ አስመጡ። አንድ እጅ ብቻ ቀቡ፣ በጠባቡ ቡሩሽ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ቀስ ብለው ነው፤ አንድም ቦታ «መሰለኝ» አላሉም። ከዚያ ጥጡን ነክረው እሳቸው ያዙ፣ እኔ ካርዱን ያዝኩ። ጥርስ በጥርስ።

ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ አሉ። «ከላይ ያለው ቁጥር እንዳይነካ።»

አልተነካም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 — 8 ሰዓት

አየው። ባበራሁት ቁጥር ያየዋል። አምስቴ አብርቼ አጠፋሁ፣ ለደስታ ብቻ።

ግራ እግር 5 ሰዓት ላይ አለቀ። ጽጌ የኦቦ ጉደታ ስም ሲያልፍ «ይኸው መጡ» አለች። እጅ 6 ሰዓት ላይ። ሁለት እግርም እጅም የሌላቸው አሉ፤ ሦስቱም ማህደር ውስጥ አልፈዋል። ከሰዓት መብራት ሄደ፤ ይሂድ። አሮጌው ዲስክም ካሻው ይጩህ።

የቆሎውን ወረቀት ለጽጌ አሳየኋት። ፊርማዋን አየች፣ ገለበጠችው፣ አሸተተችው። ቆሎው ይስማማዎት አለች። ከዚያ፣ ሁሉም እንደገና በወረቀት ይታተምና በእኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ፣ ቁልፉንም ለእርስዎ አልሰጥም አለች። ደብዳቤ ልጻፍበት ወይ አልኳት። አይጻፉ አለችኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 — 11 ሰዓት

ሥ/አስኪያጁ የዲስኩ ሥራ የዘገየበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠየቁ። ግልባጭ ለሠራተኛ አስተዳደር።

መጀመሪያ «ባጋጠመ የቴክኒክ ችግር» ብዬ ጻፍኩ። ቀደድኩት፤ ይህን የሚጽፍ ሰው ምክንያቱን እያወቀ የሚደብቅ ነው። ቀጥዬ «በንብረት ክፍል በተፈጸመ ስህተት»። እውነት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ማህደር ውስጥ የሚገባ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ወረቀትም ይሆናል፣ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ሳምንት ሲቀራቸው። ቀደድኩት። ሦስተኛውን አልቀደድኩም፦ ካርዱ ቫርኒሽ የተቀባው በጥር ወር በተላለፈ ደብዳቤ መነሻነት ነው፤ ደብዳቤው የትኛው ዕቃ እንደማይቀባ ሳይለይ፣ ዕቃውን በማያውቅ ሰው ተጽፏል፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ግልባጭ ለሠራተኛ አስተዳደር። አማርኛው ደረቅ ነው። ይሁን።

ልፈርም ስል አቶ መኮንን ገቡ። ተጣጥፎ የተያዘ ወረቀት ሰጡኝ። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው። «ደብዳቤው ቁጥር ይጻፍ እንጂ ጥርሱ ይቀባ አይልም፤ የቀባሁት በራሴ አሳብ ነው» ይላል። ቀን፣ ፊርማ፣ የካርዱ ቁጥር። ከሪፖርትህ ጋር አያይዘው አሉኝ። እሺ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ሰርቨሩን አንዴ አዩት፣ ደህና ዋል ብለው ወጡ።

ሪፖርቱን ፈርሜ ልኬያለሁ። ምንም አልተያያዘበትም።

ወረቀታቸው እዚህ አንተ ውስጥ ነው፣ ከቆሎው ወረቀት አጠገብ። በዚህ ግቢ የቆሻሻ ቅርጫትም ቁጥር አለው። ለዚህ ወረቀት ግን ቁጥር አልሰጠሁትም።