«ለእሱ» የተባለው ቤት

ኅዳር 3
ክሊኒኩ ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል። ሦስት ወባ፣ አንድ የተቃጠለ እጅ። ከሰዓት መብራት ሄደና ማራገቢያው ቆመ። በላብ ተዘፍቄ ካርድ ስደረድር ዋልኩ።

ነገ ውሳኔ ነው። አልፈራሁም። ቤቱን የሸጡልኝ ሽማግሌ፣ ዱዎፕ፣ ራሳቸው ቀርበው መስክረውልኛል። ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ወንድሜ በሪሁን ግን «የገዛሁት እኔ ነኝ፣ እሷን አስጠግቻት ነው» ብሎ ሲከሰኝ ትንሽ አላፈረም። ውሉን ጎርፍ ከነሣጥኑ እንደወሰደው ያውቃላ።

ኅዳር 4
ተፈረደብኝ። በሠላሳ ቀን ልቀቂ... እንዴት?

ኅዳር 5
ልጄ ሶሊ ምንም አታውቅም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን እንዳልረብሽባት ብዬ ነው። «አጎቴ ከጅማ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ትናንት እዚሁ ነበር። ሆቴል አድሮ ተመለሰ።

ኅዳር 12
የውሳኔው ግልባጭ ተሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት። «የተከሳሽ የራሷ ምስክር ቤቱን የሸጡት ለእሱ መሆኑን በማረጋገጣቸው...»

ለእሱ? የኔው ሰው? በሪሁን ገዝቷቸው ይሆን? ከችሎት ስንወጣ እጃቸውን ይዤ አመስግኛቸዋለሁ እኮ! ስልካቸው አይሠራም። ማታር ከተማ፣ ልጃቸው ጋ ሄደዋል አሉ። ደሜ ፈላ።

ኅዳር 13
አብራኝ የምትሠራው ኛጆክ ግልባጩን አንብባ ሳቀች። ልመታት ምንም አልቀረኝም።

«ሲስተር፣ ለእሱ ማለት እኮ አንተ ነው።»

በሷና በሽማግሌው ቋንቋ እሱም እሷም፣ አንተም አንቺም አንድ ቃል ነው። ሽማግሌውም አማርኛ ሲናገሩ ሰው ሁሉ «እሱ» ነው። አዎ... የመሰከሩ ቀን በአገጫቸው ወደኔ እያመለከቱ ነበር። ዳኛው ግን አቀርቅረው ይጽፋሉ። ሽማግሌው ደግሞ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ ወይ ሲባሉ፣ አማርኛ እችላለሁ ብለው ተኩራርተዋል። እኔስ? አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ ጆሮዬ ስለለመደው ምንም አልመሰለኝም። ደነዝ! ሽማግሌውን በከንቱ አማኋቸው።

ኅዳር 18
ይግባኝ አልኩ። ማመልከቻ ጸሐፊው በአንዲት ቃል የተነሣ ይግባኝ ጽፎ እንደማያውቅ ነግሮኝ ቀለደብኝ። አልሳቅኩም። አፈጻጸሙ እንዲታገድም ጠይቄያለሁ።

ታኅሣሥ 2
ሁለት ቀን ቀረኝ። ስለ እግዱ ወሬ የለም። ሳህኖቹን ካርቶን ውስጥ ስከት ሶሊ ደረሰች። ለጽዳት ነው አልኳት።

ታኅሣሥ 3
እግዱ ተሰጠ። ተመስገን! ሽማግሌው በአስተርጓሚ እንደገና እንዲሰሙ ለጥር 20 ተቀጠረ። አምጪ የተባልኩት እኔ ነኝ። ኛጆክ ወደ ማታር በሚሄድ ሹፌር መልእክት ላከችልኝ።

ጥር 19
አልመጡም። ሹፌሩ፣ ለልጃቸው ነግሬያለሁ ይላል። ነግሮ ይሆን?

ጥር 20
መጡ! አቧራ ለብሰው፣ ችሎቱ ሊከፈት ሲል።

ቤቱን ለማን እንደሸጡ ተጠየቁ። አስተርጓሚው መልሳቸውን ሰማ። ከዚያ ለዳኞቹ፣ ቃሉ ለወንዱም ለሴቷም ይሆናል አላቸው። ነገሩ ሲገባቸው ሽማግሌው ተናደዱ። ከቆሙበት መጥተው ትከሻዬን ያዙ።

«ይሄ ነው። ሲስተር አበዛሽ ነው። እሱ ነው የገዛው።»

ዳኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። በሪሁን አልሳቀም።

የካቲት 11
የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተሻረ። ቤቱ የኔ ነው።

በሪሁንን ፍርድ ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ሽማግሌው መጀመሪያ የመሰከሩ ቀን፣ እኔን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶህ ነበር ወይ አልኩት። ጫማውን አየ።

«ገብቶኝ ነበር።»

ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር ልለው ፈልጌ ትቼው ሄድኩ። ባለቀሰ ዓይኔ ቤት ገባሁ። ሶሊ ምን ሆንሽ አለችኝ። ክሱን ጨርሶ አታውቅማ። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት።

«አጎቴን ለፋሲካ ና ብዬው ነበር፤ እመጣለሁ ብሏል» አለችኝ።

ይምጣ አላልኩም። አይምጣ ለማለትም አፌ እምቢ አለኝ።