እርጥብ አሸዋ

ለእኅቴም ለአሳዳጊዬም፣ ለእታለም ዙሀራ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ክረምቱስ ኮምቦልቻን እንዴት ይዟታል? እናታችን፣ ባለቤትሽ አብዱልወዱድ፣ ልጅሽ ሂዳያ፣ ደጁም ቤቱም ሰላም ነው? እኔ ለአካሌ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ለመውሊድ እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ፤ ሁለት ጊዜ ሰው ልከሽ ብታስጠይቂም መልስ አጣሽ። በሰው አፍ የሚላክ ነገር ስላልሆነ ነው። ይህን ለእናታችን አታንብቢላት።

ስለ ኣያ ኣረፋይነ ጽፌልሽ ነበር። እዚህ መቐለ ታላቅን ኣያ ነው የሚሉት። ወደ ውቅሮ መውጫ ባለው ወርክሾፓችን ብረት አቅልጦ የሚያፈሰው እሱ ነው፤ እኔንም ቶርኖ፣ ብረት መላጫው ማሽን ላይ ያቆመኝ እሱ ነው።

ግንቦት ላይ ሔሩይ የሚባል መምህር የእንጨት ሞዴል ይዞ መጣ። ለገበሬ የሚሆን በእግር የሚሽከረከር የውሃ ፓምፕ አስቦ ኖሯል። ውስጡ ሆኖ ውሃውን የሚገፋውን ባለ ስድስት ክንፍ መዘውር መጀመሪያ አንድ ሠርታችሁ አሳዩኝ፣ ከሠራልኝ ሃምሳ አዛለሁ አለን።

አሠራሩን ልንገርሽ፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባሽም። ሞዴሉ በሁለት ተገጣጣሚ ሣጥን ውስጥ በአሸዋ ይቀበራል። አሸዋው ከሸክላ አፈርና ከጥቂት ውሃ ጋር ታሽቶ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ሣጥኖቹ ተላቅቀው ሞዴሉ ሲወጣ ቅርጹ ባዶውን ይቀራል፤ እዚያ ውስጥ የቀለጠ አሉሚኒየም ይፈስበታል። ሲበርድ ስለሚኮማተር ሞዴሉ ከልኩ ትንሽ ተልቆ ነው የሚቀረጸው፤ ትርፉን እኔ በቶርኖ እልጠዋለሁ። ዋናው ነገር ግን ውሃው ነው። ካነሰ አሸዋው ይናዳል፤ ከበዛ ባንዴ እንፋሎት ይሆንና የፈሰሰበትን መልሶ ይተፋዋል። ኣያ ኣረፋይነ አሸዋውን በጭብጤ እንድፈትነው አስተምሮኛል፤ ለሁለት ጥርት ብሎ መሰበር አለበት፣ መዳፍ ላይ መለጠፍ የለበትም።

የመጀመሪያውን ቶርኖ ላይ ስልጠው ውስጡ እንደ ዳቦ ተቦርቡሮ ተገኘ። የሁለተኛው አንዱ ክንፍ ሳይሞላ ቀረ። አሠሪያችን ተናደደና ሦስተኛው ሳይሳካ ማንም ፈቃድ አይወጣም አለ። መውሊድ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ልቤ እናንተ ዘንድ ነው።

ሦስተኛውን የምናፈስበት ለት ጠዋት ስገባ ጣሪያው አፍስሶ የአሸዋው ክምር ርሷል። ጨበጥኩት፤ መዳፌ ላይ ተለጠፈ። ዘርግቶ ማድረቅ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ መውሊድ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። ከላይ ከላይ ደረቁን ቀላቀልኩና ጠቀጠቅሁት። ኣያ ኣረፋይነ ከምድጃው ሆኖ፣ "አሸዋው እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው" አልኩት።

እታለም፣ ያልኩት ይህንኑ ነው። ማቅለጫውን አንሥቶ ጎንበስ ብሎ ማፍሰስ ሲጀምር ሣጥኑ ውስጥ ነገር ተንጫጫ፤ ወዲያው ፈነዳና የቀለጠው ፊቱ ላይ ተረጨ። የዐይን መከለያ የሚባል ነገር አልነበረንም። ግራ ዐይኑ ጠፋ። ቀኙ ብርሃንን ከጨለማ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም።

ሰው ሁሉ የአምላክ ሥራ ነው አለ። እኔም ዝም አልኩ። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ሚስቱ ለተኪዳን "ወደይ"፣ ልጄ፣ እያለች ካላት ታቀርብልኛለች፤ ያን ለት አንተ ባትኖር ማን አንሥቶ ሐኪም ቤት ያደርስልኝ ነበር ትለኛለች። አራት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ ሄጄ ለኣያ ኣረፋይነ ሁሉንም ነገርኩት፤ አሸዋው እርጥብ እንደነበረ፣ እያወቅሁ እንደዋሸሁ፣ ለምን እንደዋሸሁም።

"ሣጥኑን ሳስተካክለው እርጥብ እንደያዘ ከብዶኝ ነበር። ግን አንተን አመንኩህ" አለኝ።

ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ለለተኪዳንም ራስህ ንገራት፣ እኔ አልነግራትም አለኝ። ነገርኳት። አልጮኸችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ጓዳ ገባች፤ እስክሄድም አልወጣችም።

ለአሠሪያችንም ነገርኩት። የተባለው ተብሏል፣ አሁን ወሬ አታንሣብኝ አለኝ። ለካስ ሃምሳው ታዞ ኖሯል። ከዚያ በፊት አራተኛውን ሌላ ሠራተኛ አፍስሶት እኔው ነኝ በቶርኖ የጨረስኩት፤ ፓምፑም ውሃ አወጣ። ሔሩይ ደስ ብሎት እጄን ሲጨብጠኝ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ኣያ ኣረፋይነ ሰኞ የሐኪም ቀጠሮ ነበረው። ሳልጠራ ሄጄ በራቸው ላይ ቆምኩ። ለተኪዳን አየችኝ፤ ቆይታ ይዛው ወጣችና እጁን ክንዴ ላይ አድርጋ ተመለሰች። ሐኪም ቤት አድርሼ መለስኩት። ሁልጊዜ ሰኞ ነው ቀጠሮው። ስለዚህ ለአረፋም አልመጣም፤ አብዱልወዱድ እዚያ ኮምቦልቻ ያገኘልኝንም ሥራ ለሌላ ሰው ይስጥልኝ። አትቀየሙኝ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ሥራ በዝቶበት ነው በያት። አብዱልወዱድን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ሂዳያ ትምህርቷን እንዳትተው። ጎረቤታችንን እማማ አያልነሽንም ሰላም በይልኝ። ዱዓ ስታደርጉ ከእኔ በፊት የእሱን ስም ጥሩ።

ወንድምሽ ኢስሃቅ
መቐለ፣ ነሐሴ ፯ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.