የመረብ ቤቱ መቀሶች

ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል።

የአባትሽን መርዶ የሰማሁ ዕለት የሥራ ሸሚዙን እያሰጣሁ ነበር። ያን ቀን በሚሠራበት መረብ ቤት የዓሣ መረብ ሲጠግን፣ እንደ ቤቱ ሰው ሁሉ፣ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ክር በጥርሱ በጠሰ። ክር ግን አልነበረም። በባሕር ላይ እንደ ፊኛ የሚንሳፈፈው መርዘኛ ፍጥረት ጭራ መረቡ ላይ ተጠምጥሞ ቀርቶ ነው። ሰው ጄሊፊሽ ከሚባለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ ጋር ያምታታዋል፤ እሱ ግን ሌላ ነው። ደርቆ እንኳ ይናደፋል። የአባትሽ ጉሮሮ አብጦ ትንፋሽ አሳጣው።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ መረብ ቤቱ እየሄድኩ “ለየሠራተኛው መቀስ ስጡ” እል ነበር። አለቃው ጥርሱን እያሳየ “እትዬ፣ መቀስማ እግዜር በአፋችን ሰጥቶናል” ይለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ “ለባሌም ሰጥቶት ነበር” አልኩት። ሳቁ ደረቀ። በሳምንቱ ስሄድ በየወንበሩ አንድ አንድ፣ አሥራ ሁለት መቀስ በገመድ ታስሮ አገኘሁ።

ትናንት መረብ ቤቱ የምትሠራው ጎረቤታችን ቀይዋ ከሥራ እየሮጠች መጣች።

“እትዬ፣ እልል ይበሉ! ያ የተረገመ ክር ዛሬ በእኔ መረብ መጣ። ልበጥሰው አፌን ልከፍት ስል ከወንበሬ የተንጠለጠለው መቀስ ጉልበቴን መታኝ፤ በእሱ ቆረጥኩት!”

እልል አልኩ፣ ልጄ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሞት አንዱን ወሰደብን፤ ሁለተኛዋን ግን ከአፉ ነጠቅናት!

አንቺም ክር በጥርስ መበጠሱን ከእሱ ነው የወረስሽው። አደራ፣ መቀስ ግዢ። ይህንን ደብዳቤ አጠገብሽ ላሉትም አንብቢላቸውና ሁላችሁም ለአባትሽ ነፍስ ጸልዩለት።

እናትሽ