እናትህን መርዶ ያረዳት ስልክ

ሰይዴ፣ የሂክማ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር መልስ አይመጣልኝም። ከተለየኸኝ ወዲህ ባል የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበትን ጊዜ፣ ዒዳዬን፣ ጨርሻለሁ። ደጅ መውጣት ከጀመርኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው ላይ ጀምረህ የተውከውን የፀሐይ መብራት ጎረቤታችን ጨርሶ ሰቅሎልናል። ውኃ አሁንም በአህያ ጋሪ ነው የሚመጣው። ሰፈራችን ዴም ቀስ በቀስ እየሞላ ነው፤ በጦርነቱ ከሸሹት አንዳንዶቹ ተመልሰው ሱቃቸውን ከፍተዋል። ሂክማ አድጋ ጫማህን እየጎተተች ትወጣለች። ተይ ስላት አትሰማም፤ በማን ወጥታ መሰለህ!

ይህን ሁሉ የምነግርህ ንዴቴ እንዲበርድልኝ ነው። አልበረደም። እንግዲህ ስማኝ።

ጦርነቱ መሥሪያ ቤትህን ወደ ፖርት ሱዳን ካሰደደው በኋላ ሥራህ በሙሉ ከቤት ሆነህ በዚያ የቢሮ አፕ ላይ ነበር፤ ስብሰባው፣ መልእክቱ፣ የሰሊጡ ጭነት የት ደረሰ የሚለው ጭቅጭቅ ሁሉ። አንተ ደግሞ እዚያው ላይ «ቤተሰብ» የሚል ክፍል ከፈትክና እኔን፣ ወንድምህን ይማምን፣ አጎትህን ሼህ አሊን፣ ሐይቅ ያለችውን እህትህን ራህማን አስገባህ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ራህማ ስልኩን እናታችን ጭን ላይ ታስቀምጥላታለች፤ አንተ መስማት የተሳናት ይመስል ትጮሃለህ። ስልክህን ጆሮህ ላይ ስለምትለጥፈው እሷ የምታየው ጆሮህን ብቻ ነበር። «ልጄ ጆሮ ብቻ ሆኖ ቀረ» ትልና ትስቃለች። ማንበብ ስለማትችልም የሚመጣው መልእክት ሁሉ በድምፅ እንዲነበብላት ያደረግከው አንተ ነህ። የመረቀችህን ምርቃት እኔም ሰምቻለሁ።

አንተ ከሞትክ በኋላ አፑ አዳዲስ ነገር ጨመረ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ማስታወቂያው ብቅ ይላል። ስብሰባ ሲያልቅ የተባለውን ራሱ አሳጥሮ ይጽፋል፣ ለማን ምን ሥራ እንደተሰጠ ይለያል፣ ላልተገኘውም ይልካል። ደግሞ አማርኛ ችሏል ተባለ። «ከእንግዲህ ማንንም ምንም አያመልጠውም» ይላል። «እሺ» የሚለውን ተጭነን አለፍን። ያን ሁሉ ዝባዝንኬ ማን ያነባል?

እናታችን መሞትህን አልሰማችም ነበር። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የአክስትህን መርዶ ለማድረስ ከዚህ ተነስተህ ሐይቅ ድረስ የሄድክ ሰው ነህ። ሰው ይሄዳል፣ ጎረቤት በማለዳ ይሰበሰባል፣ ስትወድቅ የሚይዛት አጠገቧ ይቆማል፣ ያኔ ይነገራታል። ግን ማን ይሂድ? ይማም ኢቃማው አልፎበታል፤ ያለ መኖሪያ ወረቀት ከፖርት ሱዳን ንቅንቅ ማለት አልቻለም። እኔ ዒዳ ላይ ነበርኩ። እስከዚያው ሰይድ ጭነት ይዞ ገጠር ገብቷል፣ ኔትወርክ የለም እየተባለች ቆየች። ራህማም ከእሷ ጋር አንድ ቤት ስለሆነች፣ ፊቷ ያሳብቅባታል ብለን አልነገርናትም።

ዒዳዬ ሊያልቅ ሲል፣ ዓርብ ቀን፣ ይማም ደወለ። ገዳሪፍ ያሉትን አጎታችሁን ሼህ አሊን ጨምረን ማን እንደሚያረዳት ልንመክር ነው። ሦስታችንም ስልክ ላይ የሚሠራልን ያ «ቤተሰብ» የሚባለው ክፍል ስለነበር እዚያው ተገናኘን። ራህማን አልጠራናትም፤ ያልተጠራ አይሰማም ብለን። በር ዘግቶ እንደሚመክር ሰው መከርን፣ አለቀስን። ሼህ አሊ «እንዲህ ያለ ጊዜ ሐይቅ የሚሄደው ሰይድ ነበር» አሉ። ይማምም «ኸላስ፣ በቃ፣ ዘይነባ ዒዳዋን ትጨርስና ትሂድ» አለ። ተስማምተን ዘጋን።

ገና ከመዝጋታችን አፑ ጽፎ ላከው። ለራህማም ላከው። ራህማ፣ ዓርብ አይደል፣ ምናልባት ዛሬ ትደውል ይሆናል ብላ ስልኩን እናታችን ጭን ላይ አስቀምጣ ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች። ስልኩ በዚያ በማናውቃት ሴት ድምፅ አነበበላት፦ «የስብሰባው ርእስ፦ የሰይድ ሞት። ውሳኔ፦ እናት ለጊዜው እንዳትሰማ። የሥራ ክፍፍል፦ ዘይነባ ዒዳዋን ትጨርሳለች። ሰይድ ወደ ሐይቅ ይሄዳል።»

አየህልኝ? በአንድ ትንፋሽ ገደለህ፣ በዚያው ትንፋሽ መንገድ አስጀመረህ። ከሥሩ ደግሞ እንዳንቸገር መልስ አዘጋጅቶልናል፦ «ግሩም!»፣ «ተስማምቻለሁ»፣ «አመሰግናለሁ»። የትኛውን ልጫን ሰይዴ?

ሙዲርህ ጋ፣ አለቃህ ጋ፣ ደወልኩ። አንተ በሕይወት እያለህ እንጀራችን ነው ብዬ ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር፤ አሁን ጮህኩበት። «ያ ዘይነብ፣ ስሚኝማ፣ አማርኛውን ገና እየተማረ ነው፣ ኢንሻአላህ ይሻሻላል» አለኝ። ይማራ! በእናታችን ላይ ይማር! እንግዲያው አጥፉልኝ አልኩት። ክፍሉን የከፈተው ሰው ካልሆነ ማንም ማጥፋት አይችልም አለ። የከፈተው ሰይድ ነው፣ ሰይድ ደግሞ ሞቷል፣ አንተም ቀብሩ ላይ ሰው ልከሃል አልኩት። «እንግዲህ ማመልከቻ አስገቢ» አለኝ። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ነበር፤ ፎቶህ ውስጡ ስላለ ተውኩት።

አንተንም አልተውህም። በዚያ ትኩሳት እየነደድክ ራስ ምታት ነው ብለህ ስብሰባ ላይ የተቀመጥከው ማን አስገድዶህ ነው? ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ስለምንህ እጅህን እያወዛወዝክ ዝም በይ አልከኝ፤ እንዳይሰሙ። እነሱ ያንተን ቦታ ለሌላ ሰው ለመስጠት ሳምንት አልፈጀባቸውም።

ከዚያ ራህማ በድምፅ ላከችልኝ፤ ለቅሶዋ ቃሏን እየቆራረጠው። ጎረቤት ድንኳን ሊተክል ቢመጣ እናታችን መልሳዋለች። እሷ አላለቀሰችም። «ዕቃው ሞቷል አለኝ፤ ዕቃው ይመጣል አለኝ። ሰው ይምጣና ይለይልኝ» ብላለች። አልጋህን አስነጥፋለች። መኪና በሚገባበት ሰዓት መናኸሪያው ደጃፍ ሄዳ ትቀመጣለች። ተመለሺ ቢሏት የምትሰማቸው አይደለችም።

ይህን የተስፋ ቁራጭ ማን ስጣት አለው? ሞትህን ብቻ ቢነግራት እንኳ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። አሁን እኔ ሄጄ ከእጇ ልቀማት ነው። ይህን ለማንም፣ ለዚያ ሙዲርም፣ ለዚያ ማሽን ሠሪም ይቅር አልልም።

ነገ እነሳለሁ። ሂክማ ጀሪፍ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ጋ ትቆያለች። በገዳሪፍ አልፌ ድንበሩን እሻገራለሁ፤ መንገዱ ያስፈራል ይሉኛል፣ እኔን የሚያስፈራኝ መድረሱ ነው። ትረሳኛለች ብለህ አትስጋ፤ እንዳልረሳህ አስታዋሽ የሚልክልኝ አያስፈልገኝም፣ በሕይወት እስካለሁ ስምህ ከአፌ አይጠፋም። ከመኪናው ስወርድ ግን እናታችን እኔን አታየኝም፤ ከኋላዬ የሚወርደውን ነው የምታየው። እጇን ይዤ፣ ወራጁ ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ አብሬያት እቆማለሁ። ከዚያ እነግራታለሁ።

ዘይነባ