በመስታወት ሣጥን ስለተቀመጠው የጠረጴዛ ልብሴ

ለክቡር አቶ ሩፐርት ሃቨርስቶክ
የስታንማውዝ ወደብ የቅርስና የጎብኚ መስህቦች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የገመድ ሠሪዎች ጎዳና ነዋሪዎች፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ሕያው ቅርስ» ብሎ ከሰየመን ወዲህ፣ እንደ ማንኛውም ቅርስ አቧራ እየጠጣንና በሰው እየተጎበኘን በሰላም አለን። ላደረጉልን መልካም ነገር ሁሉ ምስጋና ሳላቀርብ ብሞት ደግ ስለማይሆን፣ በሕይወት ሳለሁ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ በኩል ልልክልዎ ወደድሁ።

አንደኛ፣ በየመብራት ምሰሶው ላይ ስላስተከሉልን የድምፅ ማጉያ እናመሰግናለን። ከተማችን የባሕር ወፍ አጥታ አታውቅም፤ ከእጄ ላይ የድንች ጥብስ ያልነጠቀኝ ወፍ ቢኖር ገና ያልተፈለፈለው ብቻ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ግን እውነተኞቹ ወፎች ሥራቸውን በሚገባ አይሠሩም ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ የተቀዳ የወፍ ጩኸት ቀኑን ሙሉ ይለቅልናል። ወፎቹም ማጉያውን ባላንጣ አድርገው ስለያዙት ፀሐይ ከመውጣቷ አንሥቶ መልስ ይሰጡታል። ጎረቤቴ ግሌኒስ «ወይ እሱ ያሸንፍ ወይ እነሱ ያሸንፉ፣ እኔ እንደሆነ እንቅልፌን እንጂ ዳኝነት አልፈልግም!» እያለች ትጮኻለች፤ እሷንም ጎብኚዎቹ ይቀርጿታል።

ሁለተኛ፣ በቤቴ በር ላይ «የመርከበኛ ቤት፣ እንደነበረ የተጠበቀ» የሚል ሰሌዳ ስለሰቀሉልኝ ውለታዎ አለብኝ። ባለፈው ሰኞ ዳቦዬን በባቄላ እየበላሁ ሳለ፣ ከሌስተር የመጡ ባልና ሚስት አፍንጫቸውን ከመስኮቴ መስታወት ላይ ለጥፈው ቆሙ። ባልየው «ያኔም የቆርቆሮ ባቄላ ነበር እንዴ?» ቢላት፣ ሚስቱ «ዝም በል አንተ፣ ትወናዋን ታበላሽባታለህ!» ብላ ገሠጸችው። እኔም ትወናዬ እንዳይበላሽ ባቄላውን ጨረስኩ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ጨዋነቴ ቢያመልጠኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ክቡርነትዎ የላይኛው ከተማ ሰው ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ በእኛ ዘንድ መርከብ ሲወጣና ሲገባ ቤተሰብ በወደቡ አፍ ባለው ክብ ግንብ ላይ ይቆማል። ከመርከቡ ሆኖ የሰው ፊት መለየት ስለማይቻል፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ጨርቅ ያውለበልባል። የግሌኒስ ቤት ባለ ነጠብጣብ መጋረጃ ነው፤ የእኛ ደግሞ ቢጫ የጠረጴዛ ልብስ። ባለቤቴም በሕይወት ሳለ እሱን እያየ ሄዷል፣ እሱን እያየ ተመልሷል። ጨርቁ ከታየ ቤት ደህና ነው ማለት ነው፤ ካልታየ ግን ምን ማለት እንደሆነ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

በየካቲት ወር፣ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ሮዊና፣ በባሕር ኃይሉ መርከብ ላይ በወጥ ቤት ሠራተኝነት ለረጅም ጉዞ ወጣች። ግንቡ ላይ ስደርስ የጽሕፈት ቤትዎ ተዋናዮች «የመርከበኛ ሚስቶች ስንብት» የተባለውን ትርኢት ለማሳየት ቡናማ በቡናማ ለብሰው ተሰልፈዋል። ወጣቱ ተቆጣጣሪዎ እየሮጠ መጥቶ፣ «ይቅርታ እማማ፣ ይሄ ቢጫ እኮ ከዘመኑ ጋር አይሄድም። ለጊዜው እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ይልቅ ይቺን ደረብ ያድርጉ፤ ብርድም ነው» ብሎ በከፍተኛ ትሕትና ጨርቄን ከእጄ ወሰደና ቡናማ ሻል አለበሰኝ። ጨርቄን ለማስመለስ ስታገል መርከቡ በፊታችን አለፈ። ባዶ እጄን እያውለበለብኩ አለቀስኩ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡልኝ፤ አንዱማ «አሮጊቷ ከሁሉም ትበልጣለች፣ እንባዋ እውነተኛ ይመስላል!» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

መርከቡ ስልክ በማይፈቀድበት ሥራ ላይ ስለነበረ፣ ልጅቷ የደወለችው ከሳምንታት በኋላ ነው። «ሃሎ» ስላት፣ «አያቴ፣ አንቺ ነሽ? አለሽ? ቢጫውን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት እኮ!» ብላ ተንሰቀሰቀች። ያን ሁሉ ሳምንት ለመርከበኛው ሁሉ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ለእኔ እያለቀሰች እንደነበር ማንም አላወቀባትም። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ተናደድሁ፤ ንዴቴም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ጨርቄን ልጠይቅ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ብመላለስ፣ «ዕቃው ወደ ሙዚየም ተላልፏል» ተባልኩ። ሙዚየሙን እንደ ማንኛውም ጎብኚ ከፍዬ ገባሁ። የጠረጴዛ ልብሴ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ደብዘዝ ባለ መብራት ተኝቷል። ከሥሩ «የመርከበኛ ሚስት የመሰናበቻ ጨርቅ፣ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ። ባለቤቷ አልታወቀችም» ይላል። ግንቡ ላይ ከዘመኑ ጋር አልሄድ ያለው ቢጫ፣ እዚያ ሲደርስ እንዲህ በአንድ ጊዜ ማርጀቱ ገርሞኛል፤ ጠርዙ ላይ «በማሽን ይታጠባል» የሚለው መለያም እንደተሰፋ ነው። ለጥበቃው «የኔ ነው» ብዬ ብነግረው፣ «አይዞዎት እማማ፣ ብዙ ሰው እዚህ ሲገባ እንደዚያ ይሰማዋል» ብሎ ወንበር አመጣልኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ደመወዝ ይጨመርለት።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ብቻ ነው። መርከቡ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ይገባል። ጽሕፈት ቤትዎ «ጥያቄዎ ለእኛ ውድ ነው፤ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ምላሽ ያገኛሉ» ብሎ ጽፎልኛል፤ ይሁን እንጂ መርከቡን በባሕር ላይ አንድ ወር የማቆም ሥልጣን የለኝም። ከባልደረቦችዎ አንዷ «ሌላ ቢጫ ጨርቅ ይግዙ» ብላ መክራኛለች፤ ለምክሯ አመሰግናለሁ። ልጅቷ ግን አንዴ ያጣችውን ያንኑ ጨርቅ በዓይኗ ማየት አለባት። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ በእጄ ካልገባ፣ ቅዳሜ ጠዋት መርከቡ ሳይገባ የጎዳናው ሰው በሙሉ ከሙዚየሙ በር ላይ ይሰለፋል፤ በጨዋነት፣ ትኬት ቆርጠን እንገባና፣ መስታወቱ እስኪከፈት ድረስ አንወጣም።

የጽሕፈት ቤትዎን እድገት፣ የድምፅ ማጉያዎችዎንም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሁልጊዜም ለጉብኝት ክፍት የሆንኩት፣
ወይዘሮ ዶሪን ፔንጌሊ
የገመድ ሠሪዎች ጎዳና

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጨርቁ ጥግ ስላለው ቡናማ ነጠብጣብ፣ የሙዚየሙ ጽሑፍ «ምናልባት የእንባ ምልክት» ይላል። አይደለም፣ የሥጋ መረቅ ነው። ዕቅድዎን ለጎዳናችን ሊያስረዱ ቤቴ ራት በመጡበት ምሽት፣ «ለእናንተ የሚቀየር አንዳችም ነገር የለም!» እያሉ እጅዎን ሲያወናጭፉ እርስዎ ራስዎ የደፉት ነው። አጥቤው አጥቤው አልለቀቀም፤ ስለዚህ የጨርቁ ባለቤት ባትታወቅ እንኳ የነጠብጣቡ ባለቤት ስም እንዲጻፍ በትሕትና አመለክታለሁ።