ስለ ቆምንበት ጥግ

ለምወድሽ እህቴ ለአርዲስ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ እትዬ? ክረምቱን ሙሉ ያስጨነቀሽ ጉልበትሽስ ሙቀቱ ሲገባ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ መሃል ላይ ያስቆምሻል? ባልሽ ፊሊፕስ እንዴት ነው? ሐኪሙ ጨው ከለከለው ብለሽኝ ነበር፤ እሱን ከጨው ማራቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስለማውቅ ለእሱ ሳይሆን ላንቺ ነው ያዘንኩት። ልጅሽ ካሪንስ ፈተናዋን ጨረሰች? ዋሽንግተን ላይ አበባው አብቦ ረግፏል ይሉናል። እኛ ዘንድ ቶርስቪል ገና በቅርቡ ነው በረዶው ሐይቁን የለቀቀው፤ ጠዋት ጠዋት አሁንም ጓንት አድርጌ ነው መሪ የምይዘው።

ስለ እኛ አታስቢ፣ ደኅና ነን። እማዬ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷን ይዛ ከእኔ የበለጠ ትበላለች፣ ከባሌ ከጎርደን ጋር ትከራከራለች። ጎርደን ስንዴውን ዘርቶ ጨርሷል፤ አሁን በቀን አሥር ጊዜ ሰማይ ሰማዩን ያያል። እኔም እንደ ሁልጊዜው የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ እየነዳሁ፣ ከኋላ የሚደባደቡትን በመስታወት እየተቆጣሁ አለሁ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዕር ያነሳሁት ለዚህ አይደለም። ማክሰኞ ደውለሽ ስናወራ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘግቼብሻለሁ። እንዲህ አድርጌሽ አላውቅም። በስልክ ሲሆን አንቺ ከአፌ ትቀድሚኛለሽ፣ እኔ ደግሞ ንዴት ሲይዘኝ ቃሉ ሁሉ ይጠፋኛል። ስለዚህ በእርጋታ ልጽፍልሽ ቁጭ ብያለሁ፤ አንቺም እስከ መጨረሻው ሳታቋርጪኝ አንብቢኝ።

የካቲት ላይ የፓርቲያችንን የፕሬዚዳንት ዕጩ የምንመርጥበት የሰፈራችን ምርጫ የነበረ ዕለት ብርዱ አፍንጫ ይቆርጥ ነበር። አለቃዬን አስፈቅጄ አሮጌውን አውቶቡስ አስነሳሁና እርሻ ለእርሻ እየዞርኩ ሰው ሰበሰብኩ። መርልን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ከላሞቹ በቀር ከማንም ጋር የማያወራው ወንደላጤ ጎረቤታችን። በሩ ላይ ጡሩምባ ነፍቼ ስጠራው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ብርድ ምን ልፈይድ ነው የምመጣው? አንድ ሰው ምን ይጨምራል?» አለኝ። «አንድ ይጨምራል» አልኩት። ትንሽ አሰብ አደረገና ካፖርቱን ደርቦ ወጣ።

በትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ውስጥ የዴላኒ ደጋፊዎች በምሥራቁ ጥግ፣ የፕራይስ ደጋፊዎች በመድረኩ ሥር ቆምን። ሥርዓቱን አንቺ ነሽ ለእኔ ያስተማርሽኝ። ሰው በገዛ እግሩ ሄዶ ከመረጠው ጥግ ይቆማል፣ ከዳር ጀምሮ እያንዳንዱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገርና ይቀመጣል። ጎረቤትሽ የት እንደቆምሽ ያያል፣ አንቺም እሱን ታዪዋለሽ፤ መደበቅ የለም። እማዬን በተሽከርካሪ ወንበሯ እንዳለሽ እንቆጥርሻለን ብንላት፣ «ተቀምጬማ አልቆጠርም» አለች። እኔና መርል ብብቷን ይዘን አቆምናት። «ሠላሳ አንድ!» ብላ ስትጮኽ አዳራሹ አጨበጨበላት። ተራውን ሲጠብቅ የነበረው መርልም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማሁትን ድምፅ አውጥቶ «ሠላሳ ሁለት!» አለ።

ያኔ አባዬ ትዝ አለኝ። አንቺ የአሥራ ሁለት፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነን፣ እሱ ማንም ያልደገፈውን ሰው ደግፎ ብቻውን አንድ ጥግ ላይ የቆመበትን ዓመት ረስተሽዋል? ሰው ሁሉ ሲስቅበት ኮፍያውን በእጁ ይዞ «አንድ!» ብሎ ተቀመጠ። አንቺ ሮጠሽ ሄደሽ አጠገቡ ቆምሽ። ልጅ አይቆጠርም ቢሉሽ፣ «አልቆጠርም፣ ግን እቆማለሁ» አልሻቸው። እኔ ፈርቼ እማዬ ቀሚስ ሥር ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳንቺ ለመሆን ስመኝ ነው ያደግሁት።

ዴላኒን የመረጥነው እብድ ሆነን አይደለም። ሆስፒታላችን ከተዘጋ ወዲህ ምጥ የያዛት ሴት ሰዓት ተኩል በመኪና መሄድ አለባት። ዴላኒ እዚህ ድረስ መጥታ የእሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ ከእኛ ጋር ምሳ በልታ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ፕራይስ የመጣልን በፖስታ ነው፤ ፎቶግራፉ ማለቴ ነው። ከግዛታችን ሰው ከሦስት ሁለቱ ዴላኒ ጥግ የቆመው ለዚህ ነው።

ሚያዝያ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የየሰፈሩ ተወካዮች የሚሰበሰቡበት የአውራጃው ጉባኤ ተደረገ። ሰብሳቢው ዌንዴል ነበር፣ የሁላችንንም ቤትና መኪና ኢንሹራንስ የያዘው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው። የድንችና የተፈጨ ሥጋ ትሪው ከምድጃ ወጥቶ ሽታው አዳራሹን ሲሞላው፣ «አንዲት ትንሽ ጉዳይ ብቻ ቀርታለች፣ ከዚያ እንበላለን» አለ። ጉዳዩ ያልመጡት ተወካዮች ወንበር ኮሚቴው በመረጠው ሰው ይሞላ የሚል ነው። እኛን ታውቂናለሽ አርዲስ። ቤቱ ሲቃጠል እንኳ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን «ሥራ አስፈታኋችሁ» ብሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ሕዝብ ነን። ታዲያ የሰውን ሁሉ ምሳ የሚያቀዘቅዝ ማን ይሁን? «የሚደግፍ?» ሲል በአንድ አፍ «አዎ» አልን። «የሚቃወም?» ሲል ማንኪያ ብቻ ተንኳኳ። እኔም አዎ ካሉት አንዷ ነኝ።

ወንዙ ሞልቶ መንገድ የተዘጋባቸው የሰሜኑ ሰዎች ወንበር ገና ኬኩን ሳንጨርስ ተሞላ። የገቡት በየካቲት ብርድ በየትኛውም ጥግ ሲቆሙ ያላየናቸው የፕራይስ ሰዎች ነበሩ። ተነሳሁና «ዌንዴል፣ እነዚህ የት ጥግ ነበር የቆሙት?» ብዬ ጠየቅሁ። በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ «ማርሊስ፣ እሱ እኮ አልፏል፤ አንቺም አዎ ብለሻል» አለኝ። ከዚያ ለሰኔው የግዛት ጉባኤ የሚሄዱትን ስንመርጥ እኔን ተወካይ አደረጉኝ። እማዬን ደግሞ ተጠባባቂ አደረጓት፤ እጇን አውጥታ እያየቻቸው እምቢ ሊላት የደፈረ የለም።

ያም ሆኖ ዴላኒ በየግዛቱ በቆጠራ እየመራች ስለነበር ተስፋ አልቆረጥንም። ከዚያ ነው ያንቺ የመጣው። ከሁለት ሳምንት በፊት እማዬ ቁርሷን እየበላች ሳለች ሬዲዮው ስምሽን ጠራ። ማንኪያዋን አስቀምጣ ድምፁን እንድጨምርላት በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ ልጇን በሬዲዮ ልትሰማ ደስታዋ ሌላ ነበር። በየግዛቱ ተመርጣችሁ የገባችሁት የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ አባላት የሕዝብ ቆጠራ የማያስገድደውን ነጻ ድምፃችሁን ለፕራይስ ልትሰጡ ተስማምታችኋል አለ፤ በዚህም ዴላኒ አብቅቶላታል አለ። ከዚያ የአንቺ ድምፅ መጣ። «ሕዝቡ በስሜት ይመርጣል፤ ማን እንደሚያሸንፍ የማወቅ ኃላፊነት ግን የእኛ ነው» አልሽ። እማዬ ማንኪያዋን መልሳ አላነሳችም። ገንፎዋ ቀዘቀዘ። በኋላ ቀና ብላ «ታዲያ እኔን ለምን አቆማችሁኝ?» አለችኝ።

የመርል ደግሞ ባሰ። ነዳጅ ማደያው ላይ አገኘሁትና ሰላም ስለው፣ «አንድ ይጨምራል አላልሽኝም ነበር? የእህትሽ አንድ ከእኔ አንድ ስንት እጥፍ ነው?» አለኝ። ነገሩን ላስረዳው ስጀምር፣ «ተይው ተይው፣ ሁለተኛ ያንን አውቶቡስ ወደ በሬ እንዳታመጪ» ብሎኝ ሄደ። አርዲስ፣ ይህ ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ከሰው ጋር አብሮ የቆመው። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይህ ነው።

ማክሰኞ ስልክ ላይ፣ «ማርሊስ፣ አንቺ ከሩቅ ስለምታዪው ነው፤ ዴላኒ በመጸው በዋናው ምርጫ በእርግጠኝነት ትሸነፋለች» አልሽኝ። ምናልባት ልክ ነሽ። አንቺ ከእኔ የበለጠ ሰው ታውቂያለሽ፣ ብዙ ምርጫም አይተሻል። ነገር ግን ብንሳሳትም በራሳችን ተሳስተን ብንሸነፍ ይሻለናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ መርል ተመልሶ ይመጣል። እናንተ አውቃችሁልን ብናሸንፍ ግን ማን ይመጣል? ከሩቅ የምታየው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? ይህን ልልሽ ስል «እንዲያው የአባዬን ግትርነት ወረስሽ» አልሽኝ፤ ስልኩን የዘጋሁት ያኔ ነው።

ሐሙስ ዕለት የጎርደን የማሽን መጋዘን ውስጥ ተሰበሰብን። ገሚሱ ከፓርቲው እንውጣ አለ፣ ገሚሱ ለጋዜጣ እንጻፍ አለ። መርልም መጥቶ በሩ ጋ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ነበር። ሁሉም ሲንጫጫ አንድም ቃል ያልተነፈሰው ጎርደን፣ «የአርዲስ የኮሚቴ ወንበር በሰኔው የግዛት ጉባኤ ለምርጫ ይቀርባል አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም እግር እግሩን ያያል፣ ማንም ግን ወደ እኔ አያይም። ነገሩ በሁሉም ልብ ውስጥ እንደነበረ ገባኝ፤ በእህትሽ ላይ ተነሺ ብሎ የሚናገር ጨዋ ግን ጠፋ።

ስለዚህ ራሴ ተናገርኩት። እወዳደራለሁ አልኩ። ከዚያም ዛሬ በዝምታ የሚያልፍ ነገር የለም፣ እያንዳንዱ በአፉ ይበል አልኩና «የሚቃወም?» ብዬ ከመቃወም ጀመርኩ። ይታይሽ፣ የመጀመሪያው የመርል እጅ ነበር። «እኔ እቃወማለሁ። እህትማማች በእንዲህ ያለ ነገር መለያየት የለበትም» አለ። በዚህ አገር ሰው ፊት ለፊት እምቢ ሲል ስሰማ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው። ተቃዋሚው እሱ ብቻ ሆነ። ስንወጣ መኪናዬ ድረስ ተከተለኝና፣ «ከቆረጥሽ ግን አውቶቡሱን አምጪው» አለኝ።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። በሰኔው ጉባኤ ለወንበርሽ ካንቺ ጋር እወዳደራለሁ። ብመረጥም ሥራውን የምረከበው ከትልቁ አገር አቀፍ ጉባኤ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የዘንድሮው ድምፅ ከአንቺ እጅ አይወጣም። ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። እዚህ ስትመጪ በዚያ አዳራሽ ፊት ቆመሽ ድምፄን የአገሬ ሰው ለቆመበት እሰጣለሁ በይ። ያን ካልሽ ስሜን እዚያው ከውድድሩ አወጣለሁ፣ ላንቺም ከሁሉ ቀድሜ የምቆም እኔ ነኝ። ካላልሽ ግን አልተውሽም። ከየእርሻው ሰው ጭኜ እመጣለሁ። ብሸነፍም ከአራት ዓመት በኋላ እመለሳለሁ። ግትርነቱን ከአባዬ ወረስሽ ያልሽኝ እውነት ነው፤ አንቺ የት እንዳስቀመጥሽው ነው ያልገባኝ።

ሆቴል እንዳትይዢ። የድሮ ክፍልሽን ቀለም ቀብቼዋለሁ፣ ለጉልበትሽም አልጋውን ወደ ታችኛው ፎቅ አወርድልሻለሁ። ወደ ጉባኤው በእኛ መኪና አብረን እንሄዳለን፤ መንገድ ላይ ብንጨቃጨቅ ጎርደን ሬዲዮ ይከፍትብናል። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ አንቺ ወደ ጥግሽ፣ እኔ ወደ ጥጌ።

ፊሊፕን ሳሚልኝ፤ ጨዉን ደብቂበት። ካሪንን አክስትሽ በጣም ኮርታብሻለች፣ ሥራ ስትይዢም እኛን እንዳትረሺን ብላሻለች በያት። ጎርደን ሰላም ብሎሻል፤ ከእሱ ሲወጣ ይህ ረጅም ንግግር እንደሆነ ታውቂያለሽ። መርል ሰላምታ አልላከም፣ ግን አርዲስ ትመጣለች ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

እማዬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጉባኤው ላይ የት ላስቀምጥሽ ብዬ ጠየቅኋት። ለአንቺም እንድነግርሽ ያለችውን እንዳለችው ጽፌዋለሁ፤ «ተጠባባቂ ነኝ፣ አልቆጠርም። ወንበሬን ማርሊስ ጥግ አድርጉልኝ። ፊቴን ግን ወደ አርዲስ አዙሩልኝ፣ ወዴት እንደምትሄድ ልያት።»

እህትሽ ማርሊስ
ቶርስቪል፣ ሚኒሶታ
የግንቦት የመጨረሻው እሑድ