ከምቱ ቀድመው ይጠሩ የነበሩት የወይዘሮ ቴልማ ዋድሌይ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቴልማ ዋድሌይ ከአባታቸው ከአቶ ኤሞስ ዋድሌይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቨርና ጊልማን በኒው ሃምፕሸር፣ ሃርሎው መንደር እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1940 ተወለዱ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በአባታቸው የወተት ላሞች እርባታ ሠሩ።

በ1962 የመንደሩ የኮንትራ ጭፈራ ጠሪ፣ ማለትም ቀጥሎ የሚደረገውን ለጨፋሪው የሚያሰማው ሰው፣ ድምፁ ተዘጋ። "ያንቺ ድምፅ ከላሞቹም ይበልጣል" ተብለው ወይዘሮ ቴልማ መድረክ ላይ ወጡ። በኮንትራ ደንብ ጨፋሪዎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው ሲጠብቁ እሳቸው "ተሽከርከሩ!" የሚሉት ምቱ ካለፈ በኋላ ነበር። ግማሹ ሲሽከረከር ግማሹ ወደፊት ሄደ፤ ሥጋ ሻጩ አቶ ፔቲንጊል ከነባለቤታቸው ለእንግዳ የቀረበው የፖም ኬክ ላይ ወደቁ።

ቫዮሊን ተጫዋቹ አቶ ኦሪን ባችልደር፣ "እህት ዓለም፣ ጥሪሽ እኮ የሚደርሰው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው! የፊተኛው እንቅስቃሴ ሳያልቅ ተናግረሽ ጨርሺ፤ ያኔ እግራቸው በሰዓቱ ይነሣል" አሏቸው። ያን ክረምት ሙሉ፣ መናገሪያው ሲደርስ እየተጫወቱ የቴልማን ጫማ ረገጥ ያደርጉላቸው ነበር። ጣታቸው ቢያብጥም ነገሩ ገባቸው።

በ1964 ከአቶ ኦሪን ጋር ተጋቡ። ፓስተሩ ጥያቄውን ሳይጨርሱ ሙሽራዋ "አዎ!" አሉ። "ገና አልጠየቅኩም እኮ" ቢሏቸው "እስኪጨርሱ ከጠበቅኩማ እዘገያለሁ" አሉ። ሩኤልን እና ዶርካስን ወለዱ። እኔን ምራታቸውን እንኳ ምግብ ስሠራ ገና ማንኪያ ሳላነሣ "ጨው!" ይሉኝ ነበር።

ዝም ማለት ግን አልሆነላቸውም። ጨፋሪ ሦስት ዙር ከዞረ ጭፈራውን በቃሉ ይይዘዋል፤ ጠሪም ቃሉን እያሳጠረ መተው አለበት። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ይጮኹ ነበር። በ1983 አቶ ኦሪን መጫወቱን አቁመው በሰው ሁሉ ፊት "ቴልማ፣ ያውቁታል! ተያቸው እንጂ!" አሉ። አሥራ አንድ ቀን ተኳረፉ።

በሚቀጥለው ጭፈራ ወይዘሮ ቴልማ ሦስት ዙር ጠርተው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጨፋሪዎቹ አንድም ሳይሳሳቱ ቀጠሉ። እሳቸው ግን ቫዮሊኑን እየሰሙ እንባቸው ወረደ።

"ኦሪን፣ ለካ እንዲህ ትጫወታለህ?"

"ሃያ ዓመት ሙሉ መቼ አስጫወትሽኝ!"

አቶ ኦሪን በ2009 ቀደሟቸው። ወይዘሮ ቴልማ ወጣት ጠሪዎችን ሲያስተምሩ ቆይተው፣ በሳንባ ሕመም ማርች 2 ቀን 2024 በ83 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች አፍርተዋል። ነፍሳቸውን አምላክ በደስታ ይቀበልልን፤ ለእኛም ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን።

ከቀብሩ በኋላ በአዳራሹ ጭፈራ አለ፤ ዶርካስ ትጠራለች። ጭፈራውን የማታውቁትም ግቡ፤ ከፊታችሁ የቆመው ሰው እጁን ይሰጣችኋል።